ስልሳ ሁለት ነጥብ አራት

በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ቅዳሜ፣ ከአጋሮ መኪና ወርጄ፣
በስልኬ ሦስት ጊጋ የኢንተርኔት ጥቅል ወስጄ፣
ሄርማታ እገባለሁ፤ ጭቃው ጫማዬን እየያዘ።
አባቴ ቆይቷል፤ ሻዩ ከፊቱ እንደቀዘቀዘ።

«መጣሽ? ያ ልጅ አልዳነም» ይለኛል፣ ሰላምታውን ሳይጨርስ።
ያ ልጅ ኮምፒውተሩ ነው፤
የእናቴን ዳንቴል ደርቦ የቆመ፣ እንደ ሰርግ ፈረስ።

ስከፍተው ያቃስታል። አራት መቶ ቀን «ቆይ» የተባለ ማሻሻያ
በሩ ላይ ቆሟል፣ እንደ ሩቅ እንግዳ፣ አጥቶ ማደሪያ።
«ለምን አልጫንከውም አባዬ?»
«ጠየቀኝ፤ ነገ ኢንሻላህ አልኩት።
በማግስቱም ጠየቀኝ፤ ኢንሻላህ አልኩት።
እንዲህ የሚለምን ሰው፣ አይሆንም ይባላል እንዴ?
ጨዋ ነው፤ ሳያስቀይመኝ ይሄዳል በዘዴ።»

ማንም ያልጠራቸው ሦስት «ፈጣን ጽዳት» ባዮች ገብተው ተቀምጠዋል፤
አንዱን ሳባርር ሌላው «እርግጠኛ ነሽ?» እያለ ይሟገተኛል።

ሠላሳ አራት ዓመት አባቴ ዝናብ ሲለካ ነበር፣
ከአየር ማረፊያው አጥር ሥር፣ አጭር ሣር ላይ፣ በመዳብ ስፍር።
ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ሠርግም ቢሆን፣ ለቅሶም ቢሆን፣
ጎንበስ ብሎ ያነባል የውኃዋን ቁመቷን።
ከዚያ በሬዲዮ ወደ አዲሳባ፣ አምስት አምስት እየከፈለ፣
ቁጥር ብቻ ያወራል፤ አንድም ቀን «አዌቱ ሞላ» አላለ።

ጡረታ ሲወጣ ስፍሩን ተረከቡት። ልማዱን ግን ማን ይረከበዋል?
የዘይት ጀሪካን ቆርጦ ጓሮ ተከለ፤
በዚህ ማሽን መዝገቡን ይሞላል።
አሥራ አንድ ክረምት ዝናብ እዚህ ሣጥን ውስጥ አለ፤
ቅጂ የለውም።
ዲስኩ አንድ ማታ ቢሞት፣ እንዳልዘነበ መሆኑ አይደለ?

ጫንኩ። አርባ ሁለት። ስልሳ። ጥቅሌ ቀለጠ እንደ ሻማ፤
ቆርቆሮው ላይ ዶፍ ወረደ፣ ሰው የገዛ ድምፁን እስከማይሰማ።
ሰማንያ ሰባት ላይ መብራት ሄደ።
አባቴ ሣቀ።
«አየሽ? ላንቺም ኢንሻላህ አለሽ።»

በጨለማው ውስጥ አወጋኝ፤ ባለፈው ሰኞ ስልክ ተደወለ፤
«አቶ ነዚፍ? ከባንክ ነን፤ ስድስት ቁጥር መጥቶልዎታል፣ ያንብቡልን» አለ።
ልቤ ቀጥ አለች። «ነገርከው?»
«ነገርኩት!
ሠላሳ አራት ዓመት፣ ቁጥር የጠየቀኝን ባዶ እጁን አልሸኘሁት።
የነሐሴ ስምንትን ሰጠሁት። ስልሳ ሁለት ነጥብ አራት።
‹ነጥብ የለውም› አለኝ። ‹አለው፤ ነጥቧን ዘለህ አትጻፋት›።
‹አልሠራም፣ ሌላ› አለ። የነሐሴ ዘጠኝን አልኩት፤ ደረቅ ነበር፣ ዜሮ ዜሮ።
እስከ መስከረም ላደርሰው ነበር፤ ዘጋብኝ ተማሮ።»

ሣቅሁ፤ ወንበሩ እስኪንቋቋ። ከዚያ ዝም አልኩ።
ሌባ መሆኑን አውቆበት ይሁን፣
ወይስ ከስንት ዘመን በኋላ
ዝናቡን የሚጠይቀው ሰው አግኝቶ ደስ ብሎት ይሁን፣
አልጠየቅሁትም።

መብራት መጣ። ማሽኑ እንደ አዲስ «አንድ» ብሎ ጀመረ።
ማታ ላይ ጨረሰ። ደግሞ፣ «የይለፍ ቃሉ ደካማ ነው» ብሎ ተናገረ።
የድሮው ቃል ካላንደሩ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል፤
ሸሪፋ። የእናቴ ስም። ደካማ መባሉ ከንክኖታል።
«ስልሳ ሁለት ነጥብ አራት እናድርገው?»
«እሱማ ተሰርቋል» አለኝ፣ ኮስተር ብሎ።
«ሌላ ቀን ምረጥ እንግዲያ።»
ቤቱ ባዶ ነው፤ ጣሪያው ይጮኻል፤
እሱ ግን ግራ ቀኙን አየ፤ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ፤
አንድ ቀን፣ አንድ ቁጥር ሹክ አለኝ።

ቀኑን አውቀዋለሁ።
መዝነቡን አላስታውስም ነበር።

ካላንደሩን ገነጠልኩ። መዝገቡን ገለበጥኩ።
ፍላሹን በላስቲክ ሁለቴ ጠቅልዬ፣ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ፤
አሥራ አንድ ክረምት ነው፣
እንዳይረጥብ።